ማሽኑን ከማስመጣታችሁ በፊት፦ የስሊፕ አፕኒያ ሕክምና እና ወጪው



ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ባለቤቴ ማታ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለንና ያንን አፍንጫ ላይ የሚደረገውን ማሽን እናስመጣለት ወይ?» አንዳንዶቻችሁ የማሽኑን ፎቶ ከነዋጋው ትልኩልኛላችሁ። «ምርመራ ተደርጎለታል?» ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ «ኧረ ገና ነው» የሚል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ ስለሚፈጠረው ችግር እናወራለን። ስለ በሽታው ብቻ ሳይሆን ስለ ብሩም ጭምር። የዚህ በሽታ ሕክምና ሳንቲም ከማያስወጣ ነገር ይጀምርና መኪና እስከሚያሸጥ ድረስ ይሄዳል። ብዙ ሰው ደግሞ መሃሉ ላይ ዘሎ ይገባል፤ ሳይመረመር ማሽን ይገዛል፣ ማሽኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በሽታውም ባለበት ይቀጥላል።

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። ስንተኛ የጉሮሮአችን ጡንቻዎች ይላላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ መላላት ከመጠን ያልፍና ምላስና የላንቃ የኋላ ክፍል የአየር መንገዱን ይዘጉታል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ «ኽርርር» ብሎ አየር ይስብና ተመልሶ ይተኛል። እሱ ይህን አያስታውስም። አጠገቡ የተኛችው ባለቤቱ ግን በደንብ ታስታውሳለች።

ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ትንፋሽ ከቆመ ወይም በጣም ከቀነሰ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚከሰት ይሰላና ቁጥሩ የበሽታውን ደረጃ ይነግረናል። ለአዋቂ ሰው ከ5 በታች ችግር የለውም። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። 30 ማለት እኮ ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው መታፈን ማለት ነው! ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ገንዘባችሁ የት መሄድ እንዳለበት በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው።

«ዱካክ ነው የሚይዘኝ» ብለው የሚመጡም አሉ። ነቅተን ሳለ ሰውነታችን አልንቀሳቀስ ሲል የሚሰማን፣ በተለምዶ ዱካክ የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙም አያሰጋም። ታፍኖ፣ ልቡ እየደለቀ፣ አየር ፍለጋ ከአልጋው ብድግ የሚል ሰው ግን አፕኒያ ሊኖርበት ስለሚችል መታየት አለበት።

ማን ይጠርጥር?

የሚያንኮራፋ ሁሉ አፕኒያ የለበትም፤ ይህን ስሙልኝ። የካናዳ ቶሮንቶ የሰመመን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት፣ ዛሬ በመላው ዓለም የምንጠቀምበት የ8 ጥያቄ መለያ አለ። በተዘጋ በር እስኪሰማ ታንኮራፋላችሁ? ቀን ቀን ድካም ወይም እንቅልፍ ያስቸግራችኋል? ትንፋሻችሁ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለባችሁ? እነዚህ አራቱ ናቸው። ቀሪዎቹ አራቱ ደግሞ በጣም ከፍተኛ ውፍረት (ቢኤምአይ ከ35 በላይ)፣ ዕድሜ ከ50 በላይ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ እና ወንድ መሆን ናቸው። ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ስጡ። 5 እና ከዚያ በላይ ካመጣችሁ ጥርጣሬው ከፍተኛ ነው፤ 3 ወይም 4 መካከለኛ። የአንገታችሁን ዙሪያ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

ግን በዚህ ብቻ አትታለሉ። ቀጭን ሆኖ አገጩ ወደ ኋላ የገባ ሰው፣ ትልቅ ቶንሲል ያለው ሰው፣ የወር አበባዋ የቆመ ሴት አፕኒያ ሊኖርባቸው ይችላል። ሴቶች ላይ ደግሞ ከማንኮራፋት ይልቅ የጠዋት ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድብርት መስሎ ስለሚመጣ ሳይታወቅ ይቆያል። እንቅርት ያለባችሁ ወይም ብርድ የማትችሉ፣ ያለምክንያት የምትወፍሩ፣ የምትደክሙ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ አስቀድሙ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ራሱ አፕኒያ ያመጣል ወይም ያባብሳል፤ ሕክምናው ደግሞ ከማሽን ጋር ሲወዳደር በጣም ርካሽ የሆነ ኪኒን ነው።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ተጠቀሙበት። የጠረጠራችሁትን ሰው በጀርባው ተኝቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቅረጹት፤ ደረቱና ፊቱ ይታይ፣ ድምፁም ይሰማ። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረቱ ይታገላል፣ ከዚያ በኃይል ይተነፍሳል? ይህ ቪዲዮ ለኔ ከአስር ደቂቃ ታሪክ በላይ ይነግረኛል። (ቲክቶክ ላይ ለመሳቂያ እንዳትለጥፉት አደራ፤ በትዳር መሃል መግባት አልፈልግም 😅) ማንኮራፋትን የሚቆጥሩ አፖችና ስማርት ሰዓቶች ለጥርጣሬ ይጠቅማሉ። ሕክምና ግን በነሱ ላይ ተመስርቶ አይጀመርም።

አንድ ታካሚዬን ላንሳላችሁ። ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ነገርም ቀይሬዋለሁ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜው አርባዎቹ መጨረሻ። ወደ እኔ የመጣው ለደም ግፊት ነበር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት በትክክል እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ብሏል። እንዲህ ዓይነት ግፊት ሲገጥመን አፕኒያን መጠየቅ ግድ ነው። «ቀን ላይ እንቅልፍ ያስቸግርሃል?» ስለው ሳቀ። «ዶክተር፣ ጫት ባይኖር እኮ እስካሁን አልኖርም ነበር» አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አዋሽ አካባቢ መሪ ላይ እያለ እንቅልፍ ወስዶት መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ነበር። አሸዋ ላይ ቆመ፤ እግዚአብሔር አወጣው።

ጫት እንቅልፉን ይሸፍነዋል እንጂ ትንፋሹን አያስተካክልም። እንዲያውም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ አልኮል ሲጠጣ የጉሮሮ ጡንቻ ይበልጥ ይላላል፤ ሌሊቱ ይከፋል፣ በማግስቱ ጫቱ ይጨምራል። እየዞረ የሚመጣ ነገር ነው።

እስኪታከም ድረስ እንዳይነዳ ነገርኩት። «ካልነዳሁ ልጆቹን ማን ያበላልኛል?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። ነገር ግን ያ መኪና ቀጣዩ ጊዜ አሸዋ ላይ ላይቆም ይችላል፤ ከፊት ለፊቱ ሚኒባስ ሊኖር ይችላል። ቀጥ አድርጌ ነገርኩት። ደግነቱ እቁብ ሊወጣለት ተቃርቦ ነበር፤ በዚያ ብር ቨርጂኒያ ያለች እህቱ ማሽን እንድትልክለት አስቧል። «በእቁቡ መጀመሪያ ምርመራውን ሥራ፤ ከተረፈ ስለ ማሽን እናወራለን» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አሁን ላስረዳ።

ብር የማያስወጣው

በጀርባ ሲተኙ ብቻ የሚብስባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለነሱ በጎን መተኛት ራሱ ሕክምና ነው። ልጅ ሆነን የምንጫወትባትን የካልሲ ኳስ ታስታውሳላችሁ? እሷን ሠርታችሁ የማታ ቲሸርታችሁ ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ስፉት። በጀርባ ልትገለበጡ ስትሉ ይቆረቁራችኋል፣ ትዞራላችሁ። ቀልድ አይደለም፤ ሕክምናው ላይ የተጻፈ ነገር ነው።

አልኮል ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት አይወሰድ። እንቅልፍ ለማምጣት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ኪኒኖች ይቁሙ፤ ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ የቆያችሁ ግን በአንዴ አታቋርጡ፣ ሐኪማችሁ ቀስ በቀስ ያውርድላችሁ። አፍንጫችሁ በአለርጂ የሚዘጋ ከሆነ ይታከም። ሲጋራም እንዲሁ ይቁም።

ክብደት ትልቁ ነገር ነው። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የክብደታቸውን 10 በመቶ የቀነሱ ሰዎች የትንፋሽ መቋረጡ በ26 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል። 100 ኪሎ የሆነ ሰው 10 ኪሎ ሲቀንስ ማለት ነው። ቀላል አፕኒያ ያለበትን ሰው ይህ ብቻውን ሊያድነው ይችላል። በሰዓት 50 ጊዜ የሚታፈነውን ግን ብቻውን አያድነውም፤ እሱ ክብደቱን እየቀነሰ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

ምርመራው

በአገራችን የእንቅልፍ ምርመራ የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ከክልል ደግሞ መምጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ምርመራው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ሆስፒታል አድራችሁ የአንጎል ሞገድ፣ ልብ፣ ትንፋሽና ኦክስጅን ሁሉ የሚመዘገብበት ሙሉ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ቤት ይዛችሁ የምትሄዱት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ደረት ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ መቆንጠጫ አለው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ የቤቱ ከ150 እስከ 500 ዶላር ገደማ፣ የሆስፒታሉ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ጥርጣሬው ከፍ ያለ፣ ሌላ ከባድ በሽታ የሌለበት ሰው የቤቱ ይበቃዋል። የልብ ድካም፣ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ ስትሮክ ያለበት ወይም እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ግን ሙሉው ያስፈልገዋል።

ሁለቱም ካልተገኙ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ የኦክስጅን መለኪያ ጣት ላይ አስሮ ማደር አለ፤ ይህ በጣም ርካሹ ነው። ኦክስጅኑ በተደጋጋሚ እየወረደ እየወጣ ካደረ መረጃ ይሰጠናል። ጥሩ ሆኖ ማደሩ ግን «የለባችሁም» ማለት አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የገዛናቸው አብዛኞቹ የጣት መለኪያዎች ደግሞ የሌሊቱን አይመዘግቡም፤ በነሱ ቀን ላይ ለክታችሁ «96 ነኝ፣ ደህና ነኝ» እንዳትሉ።

አሁን «ማሽኑን ከገዛሁ ምርመራው ለምን?» ለሚለው። አንደኛ፣ ቁጥራችሁ 8 ከሆነና በጀርባችሁ ስትተኙ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ የካልሲ ኳሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛ፣ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ «ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ የሚያቋርጥበት ሌላ ዓይነት አፕኒያ አለ፤ የልብ ድካም ያለባቸው ላይ ይበዛል። እነሱ ሳይመረመሩ ገበያ ላይ ያገኙትን ማሽን ቢያደርጉ ላይጠቅማቸው፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ሊጎዳቸው ይችላል። ሦስተኛ፣ መነሻ ቁጥር ከሌላችሁ ማሽኑ መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

ሹፌሩ ተመረመረ። ቁጥሩ ከ40 በላይ ነበር። እሱ ላይ ማሽኑ ግድ ነው።

ስለ ማሽኑ

ሲፓፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ያስተዋወቀው ሲሆን የመጀመሪያው የተሠራው በቫክዩም ክሊነር ሞተር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አየር በማስክ በኩል በግፊት እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል። ኦክስጅን አይሰጥም። ይህን የምለው በኮቪድ ጊዜ የገዛችሁትን የኦክስጅን ማሽን ለዚህ እንጠቀምበት የምትሉ ስላላችሁ ነው። ጉሮሮው ከተዘጋ ኦክስጅኑ በየት ይገባል? መፍትሔ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

በአንድ ግፊት የሚሠራ አለ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ግፊቱን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አውቶ የሚባል አለ። ሙሉ የእንቅልፍ ላብራቶሪ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ለአብዛኛው ሰው አውቶው ይሻላል፤ ግፊቱን ለማስተካከል ብቻ ሌላ ሌሊት ሆስፒታል ማደር አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,000 ዶላር፣ ማስኩ ከ50 እስከ 200 ዶላር ይገኛል፤ የሚሸጠው ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ነው። በብር ይህን ያህል ብዬ አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ ዋጋውን በገዛችሁበት ቀን ነው የምታውቁት። ግን ሒሳቡን ስትሠሩ ማሽኑን ብቻ አትቁጠሩ። ማስኩ ላይ ያለው ለስላሳ ጎማ ያልቃል፣ ማጣሪያው ይቀየራል፣ ቱቦው ይበሳል። ከአሜሪካ የሚመጣው ዘመዳችሁ ሻንጣ ላይ ቦታ ካለው ቢያንስ የአንድ ዓመት ማጣሪያና አንድ ተጨማሪ ማስክ አብሮ ያምጣ።

ያገለገለ ማሽን ርካሽ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ግን አራት ነገር ተጠንቀቁ። ማስክና ቱቦው የግድ አዲስ ይሁን። ግፊቱ የቀድሞ ባለቤቱ ነው፤ ለናንተ በሐኪም ይስተካከል። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ማሽኑ ራሱ ስለሚመዘግብ አሳዩኝ በሉ። አራተኛው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ፊሊፕስ ድሪምስቴሽን የሚባለውን የመጀመሪያ ትውልድ ጨምሮ በርካታ ሚሊዮን ማሽኖችን ከገበያ ጠርቷል። ውስጡ ያለው የድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ መተንፈሻ ሊገባ ይችል ስለነበር ነው። «ዘመዴ ቤት የተቀመጠ ነበር» የሚባለው ማሽን ከዚህ ውስጥ እንዳይሆን፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን አጣሩ።

እኛ ጋ የሚነሱ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዱ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ አካባቢማ ከዚያም በላይ። ብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ከፍታውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ግን ወሰን አላቸው። ለምሳሌ ሬስሜድ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ነው የተሠራው። አሮጌዎቹ በእጅ ካልተስተካከሉ የሚነፉት ግፊት ከታዘዘው ያንስ ይሆናል። በሌላ በኩል ከፍታ ራሱ ያኛውን የአንጎል ዓይነት አፕኒያ ያመጣል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተመርምራችሁ ደጋ የምትኖሩ ሰዎች ይህንን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ማሽኑ ማሞቂያና እርጥበት ሰጪው ከጠፋ ብዙ አይበላም፤ ከ30 እስከ 60 ዋት ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። የማስኩ ማስወጫ ቀዳዳዎች ስላሉ አትታፈኑም፣ ግን ትነቃላችሁ። በትንሽ ባትሪ የሚሠሩበት መንገድ አለ፤ ስትገዙ ማሽኑ 12 ቮልት ይሁን 24 ቮልት የሚፈልገው ጠይቁና ለእሱ የተሠራውን ኮንቨርተር ግዙ። ሹፌራችን ዛሬ ጋቢናው ውስጥ ሲተኛ በመኪናው ባትሪ ያሠራዋል፤ ጓደኞቹ «አብራሪው» ይሉታል። እርጥበት መስጫው ውስጥ የሚገባው ውሃ ዲስቲልድ መሆን አለበት፤ ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በየቀኑ እየተቀየረ። ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ በፍጹም እንዳታደርጉበት!

ማስኩን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አብዛኛው ሰው አውጥቶ ይወረውረዋል። ቀን ላይ ቴሌቪዥን እያያችሁ ለግማሽ ሰዓት አድርጉት፣ ከዚያ ለእንቅልፍ። የሚያፈስ ከሆነ መጠኑ ልክ አይደለም ወይም ጺማችሁ አላስቀመጠውም። አፍንጫ ላይ ብቻ የሚደረግ፣ ቀዳዳው ላይ የሚገባ ትንሽ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ዓይነት አለ፤ አንዱ ካልተመቸ ሌላው ይሞከር። የአሜሪካው ሜዲኬር «ተጠቅሟል» የሚለው ቢያንስ በሌሊት 4 ሰዓት፣ ከ30 ቀን ውስጥ 70 በመቶውን ያደረገ ሰው ነው። እዚያ ያላችሁ ይህን ካላሟላችሁ ክፍያው ሊቆም ይችላል።

ማሽኑ ምን ያህል ይጠቅማል? እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። የቀን እንቅልፍን፣ ድካምን፣ መሪ ላይ ማንቀላፋትን በደንብ ይቀንሳል። የደም ግፊትን በአማካይ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ያወርዳል፤ መድኃኒት እምቢ ያለው ግፊት ላይ የበለጠ። የልብ ድካምንና ስትሮክን ይከላከላል የሚለው ግን በትልልቅ ጥናቶች አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን ከ2,600 በላይ ሰዎች ያካተተው ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ ሰዎቹ ማሽኑን በአማካይ የተጠቀሙት ግን በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። ስለዚህ ማሽን አለኝ ብላችሁ የግፊት ኪኒናችሁን እንዳታቆሙ።

ሌሎቹ አማራጮች

የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ፣ እንደ ቦክሰኛ የጥርስ መከላከያ ያለ መሣሪያ አለ። ለቀላልና መካከለኛ አፕኒያ፣ ወይም ማሽኑን ጭራሽ መልመድ ላልቻለ ሰው ጥሩ ነው። በጥርስ ሐኪም ልክ ሲሠራ አሜሪካ ከ1,500 ዶላር በላይ ያስወጣል። በሙቅ ውሃ አለስልሰው የሚነክሱት በኦንላይን ርካሹ ይገኛል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ልኩም አይመጣም። ጤነኛ ጥርስ ከሌላችሁ ሁለቱም አይሆኑም።

ልጆች ላይ ነገሩ ይለያል። የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ አልጋ የሚያረጥብ፣ ትምህርት ቤት የሚቅበዘበዝ ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቶንሲልና አዴኖይድ ነው። በአንገት በላይ ሐኪም ወጥቶ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ አንድ ጊዜ ከፍላችሁ የምትገላገሉት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ሌላ ነገር ነው! በባህላዊ መንገድ በቢላ የሚቆረጠው እንጥል አፕኒያን አያድንም፤ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ልጅ ይገድላል።

አዋቂዎች ላይ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ለተመረጡ ሰዎች ይሠራል፤ ለሁሉም አይደለም፣ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ደረት ውስጥ ተቀብሮ የምላስን ነርቭ የሚቀሰቅስ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ የተፈቀደ መሣሪያም አለ። ዋጋው ከ30,000 ዶላር ስለሚያልፍ እንለፈው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከፍተኛ ውፍረት ላለባቸው የመካከለኛና ከባድ አፕኒያ ታካሚዎች ፈቅዷል። ጥናቱ ላይ በሰዓት 50 ገደማ የነበረውን መቋረጥ ከ25 እስከ 30 ያህል ቀንሶላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ሲፈቀድ የወር ዝርዝር ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ ሲቋረጥ ደግሞ ክብደቱ ይመለሳል። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በቴሌግራም በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን እባካችሁ አትውጉ።

አፍን በፕላስተር ለጥፎ መተኛት ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ፋሽን ሆኗል። አፍንጫው የተዘጋ፣ አፕኒያ ያለበት ሰው አፉን ቢለጥፍ ምን እንደሚሆን ለናንተ ልተወው። አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተርና የማንኮራፋት ስፕሬይ ድምፁን ቢቀንሱ እንኳ አፕኒያውን አያክሙም።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቪዲዮውን፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የአንገታችሁን ልክ እና ቢቻል አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሹፌር ከሆናችሁ፣ ክሬን ወይም ማሽን የምታንቀሳቅሱ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ተናገሩ፤ ቀጠሮው ይቀደምላችኋል። ምርመራው ካለቀ በኋላ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ማሽን የሚልክላችሁ ሰውም፣ ግፊቱን የሚያስተካክልላችሁ ሐኪምም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር። አፕኒያ ያለባችሁ ወይም የተጠረጠራችሁ ሰዎች ለሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ለሐሞት ጠጠር ይሁን ለሄርኒያ፣ ስትገቡ ሰመመን ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ከመተኛታችሁ በፊት ንገሩ። ማደንዘዣውና የሕመም ማስታገሻው ጉሮሮን ያላላሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሌሊት ክትትል ይፈልጋል። ማሽን ካላችሁ ከነማስኩ ይዛችሁት ግቡ፤ ስማችሁንም በላዩ ጻፉበት።